ላብራለት ብላ የነካቻት ጧፍ

እናቴ የወንድሜን መርዶ ከስልክ አገኘችው። ሽማግሌ ሳይደርስ፣ ክንዷን የሚይዝ ሰው ሳይኖር።

ወንድሜ ክንዱ ባሕር ዳር ሆስፒታል ሰንብቶ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ አረፈ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። አገር ሁሉ ይሰማል፣ እናት ብቻ አትሰማም። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌ በር ያንኳኳል፣ ሴቶች ግራና ቀኝ ይይዟታል፣ ከዚያ ይነገራታል።

እኔ ፍኖተ ሰላም ፋርማሲ ነው የምሠራው። ቡሬ ያለው እድራችን ድረ ገጽ አለው፤ የሠራው የአጎቴ ልጅ ናሁሰናይ ነው። የጨረሰው ቀን ፋርማሲ መጥቶ አሳየኝ። መግቢያው ላይ ፊደል የሚባል የለበትም፣ የሚነካ ሥዕል ብቻ። ቤት፣ ካሜራ፣ ደወል፣ ጧፍ።

"ይች ጧፍ ምንድን ናት?"

"የሞት ማስታወቂያ።"

"ታዲያ እንደዚያ ብለህ ጻፍባታ።"

"አይ አንች። የሽሮፕ ጠርሙስ መሰለሽ? ጧት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ ልበልበት?"

"በለው። ተሳስቶ የሚጠጣ አይኖርም።"

"ሥዕል ለሁሉም ይገባል። ላልተማረም።"

"እማዬ ማንበብ ትችላለች። ዳዊት ትደግማለች። ደግሞ ኔትወርክ ሲደክም ሥዕልህ ባዶ ሳጥን ነው የሚሆነው፣ አሁን እንኳ ደወሉ ጠፍቷል።"

"ይመጣል። እትየ እንቁ ደግሞ ከፎቶ ሌላ ምን ይነካሉ?" ብሎ ሳቀ።

ደንበኛ መጣብኝ፣ ተውሁት።

እውነቱን ነው፣ እማዬ ካሜራዋን ብቻ ነበር የምትነካው። የጥምቀቱን ፎቶ ታያለች፣ ክንዱ ታቦት አጅቦ የሚሄድበትን።

ማክሰኞ ማታ ደወልሁላት። "ትንሽ ጠንቶበታል፣ ጧት እመጣለሁ" አልኋት። ልማዱ ነው፤ ልቧ እንዲዘጋጅ። ናሁሰናይ የእድሩ ሰው በጧት እንዲሰበሰብ ማስታወቂያውን ከነፎቶው ለጠፈ። የዚያን ቀን ኔትወርኩ ጧፏን አልደበቃትም።

ሊነጋጋ ሲል ቡሬ ደረስሁ። ከእድሩ ዳኛ ከአያ ገነነ ጋር ወደ ቤት ሄድን፣ ሰዉ ከኋላ። በሩ ክፍት ነው። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ስልኩ ጭኗ ላይ። ፀጉሯን ብቻዋን ቆርጣዋለች። አንዱ ጎን ቀርቷል።

አያ ገነነ አጠገቧ ቁጭ አሉ።

"ማን ነገረሽ፣ እንቁ?"

"ማንም። ጠንቶበታል ሲሉኝ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ መሸብኝ። ይች ጧፍ ትዝ አለችኝ። ላብራለት ብዬ ነካኋት።"

ጣቷን ስልኩ ላይ አሳረፈች።

"አልበራ ሲለኝ ደጋግሜ ነካኋት። ፎቶው ሲመጣ፣ በራለት አልሁ። ከዚያ ከሥሩ ያለውን አነበብሁት።"

አያ ገነነ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ። ናሁሰናይ ደጃፉ ላይ ቆሟል፣ መግባት አቅቶታል።

"አሁን እጽፍባታለሁ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

 ስልኩን ከጭኗ ላይ አነሳሁ። መቀሱን ከመሬት አነሳሁና የቀረውን ጎን ቆረጥሁላት።