እንስራ ያልተሸከመችው ሴት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ቅንጣት ውሸት ቢገኝበት የተናጋሪው ምላስ ሳይታጠብ እንዳደረ ብሩሽ ደርቆ ይቅር! ሠዓሊው ራሱ የፀጉር ቤቱ መስታወት ላይ አዲስ ማስታወቂያ እየጻፈ፣ በፀጉር አስተካካዩና ግማሽ ጺሙ በተላጨ ደንበኛ ፊት ምሎ ያወጋው ነው።

በዚያ ከተማ ከእሱ በላይ ፀሐይ ያጠለቀ ሰው የለም። የስጦታ ዕቃ መደብር ያላት ሴትዮ፣ ሰፈሩ «እሜቴ ኮሚሽን» የሚላት፣ «እንግዳ የሚገዛው ይሄንን ነው» ስላለችው ሃያ ዓመት ሙሉ በሳምንት ሰባት ፀሐይ አጥልቋል፤ በየፀሐዩ ሥር ሁለት ሁለት ዝሆን። ዝሆኖቹ ነፍስ ዘርተው ከሸራው ቢወጡ የከተማውን ወንዝ በአንድ ጉንጭ ያደርቁት ነበር። ቀኝ ትከሻው ግን ከዝሆኖቹ ቀድሞ አርጅቷል፤ ክንዱን ባነሳ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ጠዋት የብርቱካናማውን ቀለም ክዳን ሲከፍት፣ ሥራው ሳይጀመር ሽታው ብቻ ያደክመዋል።

ማንም ሳያዘው የሣላት አንዲት ሥዕል ብቻ ነበረችው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የሚኖሩትም የሚሠሩትም በአንዲት ክፍል ነው፤ ወዲህ የእሷ ስፌት መኪና፣ ወዲያ የእሱ ሸራ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሜትሩ ከአንገቷ ሳይወርድ፣ መኪናዋ ላይ ክንዷን ተንተርሳ እንቅልፍ ጣላት። እንደተኛች ሣላት። «ይቺን የነካ እጁ ይቆረጥ፣ የእኔም ቢሆን!» ብሎ ግድግዳው ላይ ሰቀላት። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ወገቡን ሲያመው፣ ዓይኑን እሷ ላይ አሳርፎ ወደ ዝሆኖቹ ይመለስ ነበር።

አንድ ቀን እሜቴ ኮሚሽን የውጭ አገር ገዢ አስከትላ መጣች። ገዢው ፀሐዮቹን ሁሉ ዘልሎ ሥዕሊቱ ፊት ተገተረ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ዓይኑን አልጨፈነም።

«ድንቅ ናት» አለ በመጨረሻ። «ግን ልብስ ሰፊ የትም አለ። አፍሪካን አላየሁባትም።»

«እንስራ ነዋ የጎደላት!» አለች እሜቴ ኮሚሽን። «አንድ እንስራ ጭንቅላቷ ላይ ጣል አድርግባት።»

«ተኝታ እኮ ነው፣ እሜቴ!»

«ታዲያ ቀስቅሳታ!»

ይኼኔ ሠዓሊው ደሙ ፈላ። «እሷ ምን እንስራ ያስፈልጋታል? የተሸከመችው እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ ከአሥር እንስራ እከብዳለሁ!» ብሎ ሲያንባርቅ የመስኮቱ መስታወት ለሁለት ተሰነጠቀ። ገዢው ተንበርክኮ ዋጋውን በአሥር እጥፍ ቢያሳድግ ወይ ፍንክች! እሜቴ ኮሚሽን ባለ ተረከዝ ጫማዋን ጥላ በባዶ እግሯ ፈረጠጠች። መንገደኛው አጨበጨበ፤ መኪና ሁሉ ቆመ፤ ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ተፍቶ ቆቡን ወደ ሰማይ ወረወረ።

«እና ሥዕሏስ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ምላጩን አየር ላይ እንደያዘ።

«እቤት ናታ! ግድግዳዬ ላይ ለጥ ብላ ተኝታለች።»

«አቦ ወንድ!» አለ ደንበኛው ከአረፋው ውስጥ።

የፀጉር ቤቱን ነጭ ሽርጥ ጠግና ያመጣችው ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ሽርጡን አጣጥፋ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«እህቴ፣ ባልሽ ለካ ጀግና ነው!» አላት ፀጉር አስተካካዩ።

ባሏን አየችው። ብሩሹ መስታወቱ ላይ እንደተደገነ ቀርቷል።

«መስኮታችን ደህና ነው፤ ያጨበጨበም የለም» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «‹እሺ እሜቴ› ነው ያልከው። እንስራ ስላልነበረን ውሃ የሞላ ባልዲ ተሸክሜ፣ እስክትሥለኝ ሁለት ቀን ቆሜልሃለሁ፤ አንገቴን እስካሁን ይዞኛል። ሥዕሏን ወስደዋታል፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ምስማሩ ነው።» የሽርጡን እጥፋት በመዳፏ አስተካከለች። «‹የተሸከመችው እኔን ነው› ያልካትን ግን ዛሬ ገና መስማቴ ነው። ያኔ ብትላት ኖሮ ባልዲውን አላነሳውም ነበር።»