ትንፋሽ ያጠራት መኪና

ለመሆኑ ትንፋሽ ላጠራት መኪና ኦክስጅን የሚሰጣት ማን ነው?

አያትየው ይህን ጥያቄ ከረቡዕ ጀምሮ ስታላምጠው ሰንብታ፣ ቅዳሜ ረፋድም አልዋጥ ብሏታል። እሷ የምታውቀው ኦክስጅን ሐኪም ቤት በቱቦ በአፍንጫ የሚገባውን ነው፤ እሱ ተሰክቶለት በደህና ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ደግሞ ብዙም አላየችም። አሁን የልጅ ልጇ አሮጌ መኪና «የኦክስጅን ሴንሰሯ ታሟል» ተብላ ግቢው መሀል አፏን ከፍታ ቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጇ የስድስት ሰዓት መንገድ በሚያስኬድ ከተማ በአስተማሪነት ተቀጥራለች። ሰኞ ጠዋት ክፍል ትገባለች፤ እሑድ መነሳት አለባት። የመኪናዋ የጭስ መሰብሰቢያ ተሰንጥቆ እንደ ትራክተር ሲያንባርቅ ስለከረመ፣ በያጁ አጎቷ እሱን አውልቆ ከገበያ ያመጣውን ሄደር ገጠመላት፤ አንጀት የመሰሉ አራት የተጠማዘዙ ቱቦዎች። ድምፁስ አማረ። ግን ከመሪው ኋላ፣ ሰሌዳው ላይ፣ የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት ቦግ ብላ ቀረች።

«እሷ መብራት ሳትጠፋ ከዚህ በር ብትወጪ በላዬ ላይ ነድተሽ ነው!» አለች አያትየው።

መንገድ ለመሻገር እንኳ ግራና ቀኟን ሁለት ሰው ካልያዘች የማትንቀሳቀስ ሴት ናት፤ ግን በር ላይ እተኛለሁ ካለች ትተኛለች። ልጅቷም ሳቋን እየዋጠች፣ «እሺ እምዬ፣ ካልጠፋች አልሄድም፤ ቃሌ ነው» አለቻት።

በያጁ ሦስት ቀን ሙሉ ያልሞከረው የለም። መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀብቶ አረፋ ጠበቀ፤ የሚያፈስ የለም። ብሎኖቹን እንደገና አጠበቀ። በመሣሪያ ሲያጠፋት መብራቷ ጥፍት ትላለች፤ አጨብጭበው ሳይጨርሱ፣ መኪናዋ የሰፈሩን መታጠፊያ ሳታልፍ፣ ቦግ!

«ደግሞ ጠቀሰችን!» ትላለች ልጅቷ መሪው ላይ ተደፍታ እየሳቀች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ያስቅሻል? ብትፈነዳስ?»

«አትፈነዳም፣ እማዬ» አለ በያጁ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ። «ሴንሰሩ አፍንጫ ማለት ነው። ጭሱን ያሸትና ነዳጅ በዛ፣ ነዳጅ አነሰ ብሎ ለሞተሩ ይነግረዋል። አሁን ግን ዝም ብሎ ይቀባጥራል።»

«ጉንፋን ይዞታላ!» አለች ልጅቷ።

በመጨረሻ ሴንሰሩን ፈትቶ ወጣና ወጥ ቤት መስኮት ሥር ብርሃን ላይ አገላበጠው። ሁለቱም ተከትለውት ገቡ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄ ነገር… ያብለጨልጫል።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?» አለች አያትየው።

«የአስር ዓመት ጭስ የጠጣ ሴንሰር እንዴት እንደ አዲስ ማንኪያ ያብለጨልጫል? ረቡዕ እንዳይረገጥ ብዬ እዚህ መስኮት ላይ ሳስቀምጠው ከሰል ነበር! ሲመሻሽ መኪናዋ ሥር ተኝቼ በዳበሳ መልሼ አሰርኩት እንጂ መች አየሁት!»

አያትየው ዓይኗን ወደ መስኮቱ ወረወረች። ረቡዕ… መስኮቱ… የድስት ቂጥ የመሰለ፣ ጅራት ያለው ነገር። ከብርጭቆዎቿ አጠገብ ስታገኘው ተጸይፋ፣ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፋ፣ በሽቦ ፈትጋ፣ በጅራቱ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ቆንጥጣ አድርቃ፣ እንዳይዝግ ዘይት ጠብ አድርጋበት ቦታው መልሳዋለች።

ዝም ብትል ማን ያውቃል? ዝም ብትል ልጅቷ ነገ አትሄድም። ምላሷን በጥርሷ ያዘችው።

«ሄደሩን የሸጠልኝ አጭበርባሪ ነጋዴ ነው! ቱቦው ውስጥ የሆነ ነገር ቢቀባበት ነው እንዲህ ያነጣው!» አለ በያጁ የብሎን መፍቻውን እያነሳ። «ሄደሩን ነቅዬ ሱቁ በር ላይ ነው የምጥልለት!»

«በረኪና ነው» አለች አያትየው፣ ድምፅዋ ቅጥን ብሎ።

«ምን አልሽ?»

«ዘፈዘፍኩት። ከዚያ ፈተግኩት። ዘይቱ እንኳ… ትንሽ ናት።»

 ልጅቷ በሳቅ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«አፍንጫውን በበረኪና!» በያጁ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «እማዬ፣ ጥርሱንስ ቦርሸሽለታል?»

«ምን ላድርግ ታዲያ! ቆሻሻ ነበራ!» ብላ ጮኸች፤ ግን የራሷም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ሦስቱም እንባቸው እስኪወርድ በሳቅ ፈረሱ።

«በቃ ሞቷል» አለ በያጁ ሲበርድለት። «አዲስ ነው መድኃኒቱ። ከአውራ ጎዳናው ማዶ ያለው መለዋወጫ ሱቅ ደግሞ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ይዘጋል።»

አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«ተወው፣ አጎቴ» አለች ልጅቷ ዓይኗን እየጠረገች። «ቃሌ ቃል ነው። ሰኞ አልደርስም ብዬ እደውልላቸዋለሁ።» ፈገግ እንዳለች ናት፤ አያትየው ግን ፈገግታው ጫፉ ላይ ሲረግብ አየችው።

«ጥርሱን!» አለ በያጁ ድንገት ትዝ ብሎት፣ ሁለቱም እንደገና ተንከተከቱ።

እነሱ ሲንከተከቱ አያትየው ሴንሰሩን አንስታ በመሀረቧ ጠቀለለችው። ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጎጠች፣ የክት ጫማዋን አጠለቀች። መኪና እንደ ጎርፍ ወደሚወርድበት አውራ ጎዳና፣ የማንንም ክንድ ሳትይዝ፣ ትንፍሽ ሳትል በሩን ከፍታ ወጣች።