ሦስት ካርድ፣ አንድ ሆድ

ደግሞ ስም፣ ደግሞ ዕድሜ፣ ደግሞ ቀበሌ፣ የእሱማ ስም መቼ ተለወጠ፣ ያው ጠና ነው፣ የሚለዋወጠው የበሽታው ስም ነው፣ ጊምቢቹ ጤና ጣቢያ ላይ ጨጓራ፣ ፎንቆ ላይ ታይፎይድ፣ እዚሁ ሆሳዕና ባለፈው ሐምሌ አሜባ፣ ሦስቱም ካርድ ከነማዘዣቸው በፌስታል ተጠቅልለው ራስጌው ናቸው፣ ሆዱ ግን አንድ። የሚያመውም ያው ቦታ።

ዶክተር ሐዳሳ የሚሏት ይቺ ልጅ ደግሞ ቀዝቃዛ ቅባት ሆዱ ላይ አፍስሳ በአልትራሳውንዱ እጀታ ትጫነዋለች፣ ትንፋሽ ይያዙ አባባ፣ አሁን ይተንፍሱ፣ አይ ይያዙ፣ ወስኚ እንጂ ልጄ፣ አይላትም፣ ሐኪም ከተቆጣ ማን ይመረምረዋል።

ዝም አለች። ለምን ዝም አለች። ታናሽ ወንድሙን ወንዳፈረውንም ሐኪሞቹ እንዲሁ ዝም ብለው ነበር የሚያዩት፣ ሆዴን ሆዴን ሲል ጨጓራ ነው እየተባለ ከርሞ፣ ካንሰር ነው ያሉት ጊዜው ካለፈ በኋላ፣ በሦስት ወሩ ቀበሩት፣ እና ይቺ ልጅ ስክሪኑን ጠጋ ብላ የምታየው ምን አግኝታ ነው፣ ያው ነው፣ የወንዳፈረው ነው፣ ንገሪኝና ይውጣልኝ።

ሕመሙ ወደ ቀኝ ትከሻዎ ይወጣል? ትከሻ? ትከሻውን እንሰት ሲቆፍር ወለም ያለው መስሎት፣ ማን ጠይቆት ያውቃል፣ እነዚያ የፊተኞቹ ሐኪሞች ሳይነኩት ነው የጻፉለት፣ የት ነው የሚያምዎት፣ ሆዴን፣ በቃ፣ ይሄን ይግዙ። አዎ ዶክተር፣ ይወጣል።

ምን ሲበሉ ይነሳብዎታል? ምን በላና፣ ሥጋ ትቷል፣ በርበሬ ትቷል፣ ጎመንና ቆጮ፣ ሰው ከዚህ በታች ምን ይበላል። ቅቤስ? ኧረ ቅቤ አልበላም፣ ቅቤማ ለመድኃኒት ነው የምጠጣው፣ ጠዋት በባዶ ሆዴ አንድ ስኒ፣ ሲነሳብኝ ሁለት።

እጇ ቆመ። ሁለት ስኒ ቅቤ፣ አባባ? ምን ያስደንቃታል፣ የዚህ አገር ልጅ አይደለችም እንዴ፣ የታመመ ሆድ ያለ ቅቤ በምን ይለዝባል፣ እናቱም ያጠጣችው ይሄንኑ ነው፣ ሚስቱ እልፍነሽም ለገበያ ያለችውን ቅቤ ለእሱ እያነጠረች ሦስት ዓመት።

ካንሰር የሚመስል ነገር አላየሁም አባባ፣ ሐሞት ከረጢትዎ ውስጥ ጠጠር አለ፣ ቅባት በገባ ቁጥር ከረጢቱ ይጨመቃል፣ ጠጠሩ መውጫውን ሲዘጋው ነው የሚያምዎት፣ ለኦፕራሲዮን እጽፍልዎታለሁ፣ እስከዚያ ቅቤ እንዳይቀምሱ።

አይደለም። የወንዳፈረው አይደለም። ጌታ ይመስገን፣ ደስ ብሎታል፣ ታዲያ ይሄ ንዴት ከየት መጣ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅቤ ትጠጣለህ ወይ የሚል አንድ ሰው ይጥፋ? እሱስ ቢሆን አፍ አልነበረውም? በሽታውን በስኒ እየለካ ሲጠጣ።

ኮሪደሩ ላይ እልፍነሽ ከአግዳሚው ብድግ፣ የነህምያ አባት፣ ምን አሉህ? ጠጠር ነው፣ ካንሰር አይደለም። እሰይ፣ እሰይ ጌታዬ፣ ጠጠር ከሆነማ ምን አለው፣ ቅቤ ነው አንሸራቶ የሚያወጣው፣ ቤት እንግባ ብቻ፣ ሦስት ስኒ አጠጣሃለሁ።

ፊቷ በርቷል፣ ከሐምሌ ወዲህ እንዲህ ሲበራ አላየም፣ በዚህ ፊት ላይ ምን ተብሎ ይነገራል፣ ያባባስሽብኝ አንቺ ነሽ? አይላትም፣ ቢሞትም አይላትም፣ ክንዷን ይዞ የዶክተሯን በር ሳያንኳኳ ይገፋል፣ ይቅርታ ልጄ፣ የቅቤውን ነገር እስቲ ለእሷም ንገሪልኝ፣ ቀስ ብለሽ፣ እኔ ውጭ እጠብቃለሁ።