ጭልፋ የተቀመጠበት ሬዲዮ

ወጣቷ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወንበሮቹን በክብ ደርድራ ስትጠብቀን ምን ዓይነት ጉድ እንደገጠማት አታውቅም ነበር። ነገሩ የድሮ ወታደሮች ማክሰኞ ማክሰኞ ጤና ጣቢያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ እየተገናኘን የሆዳችንን እንድንጫወት ነው። እንግዲህ ክብ ከሆነ አንዱ የግድ ጀርባውን ለበሩ ይሰጣል። ከእኛ ውስጥ ደግሞ ጀርባውን ለበር የሚሰጥ ገና አልተወለደም። መቶ አለቃው ወንበሩን ጎትቶ ግድግዳው ጋ ወሰደ። ቀስታ የምንለው ጓዳችን ተከተለው። እኔስ ምን ቆርጦኝ ብቻዬን እቀራለሁ፣ ጎተትኩ። መጨረሻ ላይ ሁላችንም አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው በአንድ ረድፍ ተቀምጠን በሩ ላይ ስናፈጥ ልጅቷ መሃል ላይ ብቻዋን ቀረች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣን ነበር። እሷ ሳቀችና ወንበሯን ይዛ አጠገባችን ተቀመጠች። በተዘጋ አፍ ዝምብ አይገባም ብለን የኖርን ሰዎች ያን ቀን ነው አፋችንን የከፈትነው። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ማውራት እንዴት እንደሚቀል ብነግራችሁ አታምኑኝም።

እኔ የወታደር ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ጭልፋ ይሉኛል። ቀስታ ፈንጂ አምካኝ ነበር፤ ዛሬም ደረጃ ሲወጣ እያንዳንዷን አስፈቅዶ ነው የሚረግጠው። መቶ አለቃው ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ግን ሻይ ሲያዝ እንኳ አስተናጋጁ ሳያስበው ቀጥ ብሎ ይቆማል። አራተኛችን ሬዲዮ ነው። የጦሩ ሬዲዮ ሠራተኛ ስለነበር ተራ ወሬ እንኳ በመመሪያ ነው የሚያወራው። ማን እንደሆንክ፣ ማንን እንደምትጠራ ተናግረህ መጨረሻ ላይ «ጨርሻለሁ» ካላልክ መልስ የለም። ቀስታ አንዴ መሃል ላይ ሳል ይዞት ንግግሩን ቢያቋርጥ፣ ሬዲዮ ቃሏን እስኪሰማ አፉን ዘግቶ ጠበቀው።

ድንገት የጠፋው ይህ ሰው ነው። ስልክ አያነሳም። ማክሰኞ እሱን ስንጠብቅ በሩን ከፍታ የገባችው ባለቤቱ ሆነች።

«መኝታ ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ ነው የሚውለው» አለች። «እህል የሚቀምሰው እኔ ስተኛ ነው። ስጠይቀው ደህና ነኝ ይላል። እኔ ግን ቤት ውስጥ ያለውን ስለት ሁሉ ለቅሜ ጎረቤት አስቀምጫለሁ።»

ማንም አልቀለደም። «ደህና ነኝ»ን ከእኛ በላይ የሚያውቃት የለም፤ ስንት ዓመት ተጠልለንባታል።

«እኔም ሄጄ ነበር» አለች ባለሙያዋ። «በሩን ሳይከፍቱ አመስግነው መለሱኝ። ዛሬ አብረን እንሂድ። እናንተ የእሳቸውን ቋንቋ ታውቃላችሁ፤ ከእናንተ አቅም በላይ የሆነ ነገር ከመጣ ደግሞ እኔ አለሁ።»

እኔ በቤቴ በኩል አልፌ ድስቴን ይዤ ደረስኩ። መቶ አለቃው የመኝታ ቤቱን በር መደብደብ ጀምሯል።

«ክፈት! ትእዛዝ ነው!»

«ጡረታ ወጥተዋል ጌታዬ» አለ ሬዲዮ ከውስጥ።

መቶ አለቃው ዞሮ እኔን ገላመጠኝ፣ ጡረታ ያወጣሁት እኔ ይመስል። ቀስታ በተራው ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ቁልፉን ያጠና ጀመር። ባለቤቱ ቁልፍ እንጂ ፈንጂ እንዳልሆነ ብትነግረውም አልቸኮለም። እኔም «የድንች ሾርባ ይዣለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

«ከዚያ ሾርባ አንዴ ተርፌያለሁ» አለኝ፤ «ሁለተኛ አልፈተንም።»

እንዳናጣው ፈርተን የመጣንለት ሰው ሲሰድበኝ ደስ አለኝ። በሩ ግን አልተከፈተም።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ የእኔ ነው፤ ያበላሸሁትም እኔ ስለሆንኩ ምስጋናውን ማንም አይቀማኝም። ሳሎን ውስጥ የልጅ ልጁ መጫወቻ፣ ቢጫ የእጅ ሬዲዮ ጥንድ ሆኖ ወድቆ አየሁ። ባለቤቱ አንደኛውን በመስኮቱ ፍርግርግ አሾልካ አስገባችለት። እኛ ሌላውን ይዘን ግቢ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደርን፤ ጀርባችን ለግድግዳው፣ ፊታችን ለግቢው በር።

መቶ አለቃው በወጉ ጠራው። ዝም። ደግሞ ጠራው። ዝም። ቀስታ እስኪ እኔ ልሞክር ቢል መቶ አለቃው አልሰጥም አለ። ሲጓተቱ ነጠቅኳቸውና አጠገቤ አስቀመጥኩት። አጠገቤ መስሎኝ ነበር።

ተስፋ ስንቆርጥ ወሬ ጀመርን።

«እኔኮ» አለ ቀስታ፣ «ጠዋት ከአልጋ ከመውረዴ በፊት ወለሉን በጣቴ ጫፍ እፈትሻለሁ። ሚስቴ ነጠላ ጫማ የምፈልግ ይመስላታል። ይኸው ስንት ዓመት ጫማዬን ወደ አልጋው እያስጠጋች ታስቀምጥልኛለች።»

ሳቅን። መቶ አለቃው አልሳቀም። «እኔ የበር ደወል ሲጮህ መታጠቢያ ቤት ገብቼ እቆልፋለሁ» አለ። «ቤተሰቡ ሆዴን ያመመኝ መስሎት ሐኪም ቤት ወሰደኝ። መድኃኒቱንም ዋጥኩላቸው።»

ያኔ የኔም አመለጠኝ። «እኔ ዛሬም ለጓዱ በሙሉ ነው የማበስለው። ላልተመለሱትም። ትንሽ ድስት መግዛት አቃተኝ። የተረፈውን ስደፋ አለቅሳለሁ።»

«ዛሬ አንደፋውም» አለች ባለሙያዋ ቀስ ብላ።

«ጭልፋ!» የሚል ጩኸት ከመስኮቱ ወረደብን። «ከሬዲዮው ላይ ተነስ! መስመሩን ዘግተኸዋል! የሁላችሁንም ጉድ እየሰማሁ መልስ መስጠት አልቻልኩም!»

ዘልዬ ተነሳሁ። ሬዲዮው ከሥሬ ተገኘ፤ የመናገሪያው ቁልፍ እንደተጫነ ነው። መቶ አለቃው መታጠቢያ ቤቱ ትዝ ብሎት ፊቱ ቀላ።

ባለሙያዋ ሬዲዮውን አነሳች። ወደ መስኮቱ ቀና አላለችም። እንደኛው የግቢውን በር እያየች ማን እንደሆነች፣ ማንን እንደምትጠራ ተናገረችና «እንዴት ይሰሙናል? ጨርሻለሁ» አለች።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «እሰማችኋለሁ» አለ። «ያን ቀን ግንባር ላይ የነበሩት ልጆችም እንዲሁ ጠሩኝ። መለስኩላቸው። ደጋግሜ መለስኩላቸው። አልሰሙኝም። ብቻቸውን የተውኳቸው መስሏቸው ነው የሄዱት። አሁንስ እኔን ማን ይሰማኛል? ጨርሻለሁ።»

አንጀቴን በላው። ሬዲዮውን ከልጅቷ ተቀበልኩ። ማን እንደሆንኩ መናገር ነበረብኝ፤ ረሳሁት።

«ይሰማል» አልኩት። «ጥርት ብሎ ይሰማል ወንድሜ።»

ቁልፍ ሲዞር ሰማን። ማናችንም ዞረን አላየንም። ሬዲዮ ወጥቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ትከሻ ለትከሻ ተነካክተን ሳለን የሚያወራው በዚያች ቢጫ መጫወቻ ነው። ሬዲዮዎቹ ስለተቀራረቡ ያፏጫሉ፤ ግድ አልሰጠውም። የጠሩትን ልጆች በየስማቸው አነሳ። አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር እኔ በሌላኛው «ይሰማል» እላለሁ። ቀስታ ያለቅሳል። መቶ አለቃው የግቢውን በር ብቻ ያያል።

ባለሙያዋ ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ አብራው እንደምትሄድ ነገረችው። «እኛም በተራ ዘብ እንቆማለን» አለ መቶ አለቃው፤ ይቺን ትእዛዝ ማንም አልተቃወመም።

ከዚያ ሬዲዮ «ጨርሻለሁ» እስኪል ጠበቅን፤ ደንቡ ነውና። አላለም። መጫወቻውን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ ድስቴ አየ።

«ለስንት ሰው ነው ያበሰልከው?»

«ታውቃለህ» አልኩት።

«እንግዲያው ያልመጡትን ድርሻ ለእኔ ጨምርልኝ» አለ።

ሾርባው ጨው አልነበረውም፤ ሁሉም በየተራ ነገሩኝ። ድስቱን ግን ባዶውን ይዤ ተመለስኩ።