የፀጉር አስተካካዩ ሳል

ፀጉር አስተካካዩ በአፍንጫው የሚመካ ሰው ነበር። ደንበኛው ገና በር ላይ ሳለ የተቀባውን ሽቶ ይነግረዋል፤ ቢሳሳትም ጥፋቱ የሽቶው ነው። በእጁም ይመካል። አንድ እሁድ «ጫፉን ብቻ» ብሎ የሚስቱን ፀጉር ሊከረክምላት ተነሳ። ግራውን ሲያሳጥር ቀኙ ይረዝማል፣ ቀኙን ሲያሳጥር ግራው፤ መቀሱን ያስቀመጠው ፀጉሯ ጆሮዋ ጋ ሲደርስ ነው። ይቅርታ መጠየቅ ወጉ ነበር። እሱ ግን «ፋሽን ነው» አላት።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጭር አለ። ምግብ ይቀርባል፣ ልብስ ይተኮሳል፣ ቃል ግን የለም። ሱቁ ውስጥ ሰው የማያስወራው ለፍላፊ፣ እቤቱ ሲገባ ከግድግዳ ጋር ማውራት ብቻ ቀረው።

የደረሰለት ሳል ነው። ሲስል ስትሰማው ሚስቱ አላስችል አላትና ከቤቱ ጀርባ ካለው ኮረብታ ጦስኝ ለቅማ መጣች። አፍልታ መጀመሪያ በእንፋሎቱ አጠነችው፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ቀዳችለት።

«ትኩስ ሳለ ጠጣው» አለችው። ከዚያ እሁድ ወዲህ ከአፏ የሰማው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ሳሉ ብዙ ሳይቆይ ለቀቀው። እሱ ግን ሳሉን አልለቀቀውም። ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ውሎ፣ ማታ በሩ ጋ ሲደርስ ደረቱን ይዞ ይጎብጣል። በዚህ ዕድሜው ተዋናይ መሆኑ ራሱን ያስቀው ነበር፤ ይቅርታ ከመጠየቅ መሳል ለምን እንደሚቀለው ግን ራሱም አልገባውም።

ምስጋና ቢያበዛ ወሬው የሚረዝምለት መሰለው። አንድ ማታ ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። የዛሬው ጦስኝ ከትናንቱ ይበልጣል፣ ከኮረብታው አናት የተለቀመ መሆን አለበት፣ ይቺ አፍንጫ ተሸውዳ አታውቅም እያለ ቀጠለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

«ጦስኙ ካለቀ ሳምንት አለፈው» አለችው ሚስቱ። «የምትጠጣው ሙቅ ውሃ ነው። ስኳር ጨምሬበት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። ሊስል ሞከረ፤ ሳሉም ከዳው። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ገባው፤ ሳምንት ሙሉ እያወቀች ውሃ ስታሞቅለት ኖሯል።

«ፀጉርሽን አበላሸሁት» አላት ቀስ ብሎ። «ይቅር በይኝ።»

«ይቺን ለማለት ነው ይሄን ሁሉ የሳልከው?»

ብርጭቆውን ተቀብላ የተረፈውን ራሷ ጨለጠችው። ከዚያ ደረቷን ያዘችና ሳለች። ከእሱም የባሰ የውሸት ሳል ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ተነስቶ ውሃ ጣደ።