እውነት ከሆነ ጓንትሽን አውልቂ

የሴቶቹን ኳስ ቡድን ወጌሻ ሁሉም ሰው እቴቴ ነው የሚላት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ማሸት ከአባቷ የወረሰችው ሙያ ነው፤ ክለቡ ደግሞ አጭር ኮርስ አስተማራትና ቱታ አልብሶ፣ ቦርሳ አስይዞ ሜዳ ዳር አስቀመጣት። ቁርጭምጭሚታቸውን ስታሽ ልጆቹ "ኧረ እቴቴ ገደልሽኝ!" ብለው ይጮሃሉ። "ይቺ ምን አላት፣ ገና ትወልጃለሽ!" ትላቸዋለች። የሷ መታሻ ጠረጴዛ ካለበት ሳቅ አይጠፋም ነበር።

በረኛዋ የእህቷ ልጅ ናት። ኳስ አንዴ እጇ ከገባ አይወጣም ብለው ሙጫ አሏት። እናቷ ስትሞት ልጅቷ ገና የወተት ጥርሷን አልጣለችም። እናትየው አልጋ ላይ ሆና የልጇን ትንሽ እጅ ይዛ አመጣችና እቴቴ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠችው። "አደራ" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፣ መጨመርም አላስፈለጋትም። አደራ እንደ ሌላ ነገር አንድ ጥግ አስቀምጠው የሚረሱት አይደለም። እቴቴ ከአብራኳ ክፋዮች ጋር አንድ አልጋ ላይ አስተኝታ፣ እነሱ የሚበሉትን እያበላች አሳደገቻት። የወለደቻቸው ልጆች ትዳር ይዘው አንድ በአንድ ሲወጡ ሙጫ ቀረች። "አንቺስ መቼ ነው?" ስትላት በኳስ ብዛት የተጣመሙ ጣቶቿን ዘርግታ "ለዚህ ቀለበት የሚሠራ አንጥረኛ ሲገኝ" ትላታለች።

ያን ዓመት ውድድሩ ሊጀመር ሲል ከክለቡ ቢሮ አንድ ሰውዬ መጣ። መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ቆመ እንጂ አልገባም፤ የቅባቱ ሽታ ከብዶት አፍንጫውን በመሐረብ ይዟል።

"ዘንድሮ ከሊጉ ከወረዳችሁ የሴቶች ቡድን የሚባል ነገር የለም። ቁርጡን እወቁት" አለና ሄደ።

መጀመሪያ የተናገረችው አጥሩ ናት፤ አጥሩ የሚሏት ረጅሟን ተከላካይ ነው። "አፍንጫውን የያዘው እኮ ሬሳችን ከአሁኑ ሸቶት ነው" አለች። ሳቁ፤ ግን ሳቁ ከጥርስ አላለፈም። እያንዳንዷ ቤት እጇን የሚያይ ሰው አለ። ለሙጫ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ትምህርቱንም ሌላውንም ለዚህ ኳስ ብላ ትታዋለች። ያን ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ "እቴቴ፣ ኳስ ከሌለ እኔ ምንድን ነኝ?" ብላ ጠየቀቻት። እቴቴ "አምላክ ያውቃል" አለች፤ መልስ ስናጣ የምንለውን።

መጀመሪያ ላይ ተሸነፉ። ደግመው ተሸነፉ። ሽንፈት እንደ ጉንፋን ሆነባቸው፤ አንዷን ሲለቅ ሌላዋን ይይዛል። ከዚያ አንድ ቅዝቃዜ የበዛበት ቀን፣ እንደምንም አንድ ግብ አግብተው እየመሩ ሳለ ሙጫ ባቷ ተኮማተረና ወደቀች። በረኛ ስትወድቅ እንደ ሌላው ተጫዋች አውጥተው አያክሟትም፤ ጨዋታው ቆሞ ይጠብቃታል። እቴቴ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሳች። ጉልበቷን ሪህ ይዟታል፣ ብርድ ሲሆን ደግሞ እሺ አይላትም። አንዱን እግር አንስታ ሌላውን እስክታስከትል የተጋጣሚ ደጋፊዎች አበዱ።

"ኧረ አያታችሁን በጋሪ አምጧት!"

"በዚህ አካሄድ ልጅቷ ድና ትጠብቃታለች!"

የሆነው ሆኖ በዚያ መሃል ሲያጠቃ የነበረው ቡድን ላቡ ደረቀ፣ ወኔው ቀዘቀዘ። ጨዋታው እንደገና ሲጀመር ተጋጣሚዎቹ የቀድሞዎቹ አልነበሩም። እነ ሙጫ አሸነፉ። አሰልጣኙ መልበሻ ክፍል ሲገባ ሌላውን ሁሉ ትቶ ተንበረከከና የእቴቴን ጉልበት ሳመ። "ዛሬ ነጥብ ያመጣልን ይሄ ነው!" አለ። እቴቴም እየሳቀች "ሂድ ወዲያ፣ አንተ ባለጌ" ብላ በፎጣ መታችው።

በቀልድ የተጀመረ ነገር ሥራ ሆኖ ቀረ። ቡድኑ ሲጨነቅ አሰልጣኙ የእጅ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። ሙጫ ያንን ስታይ ትወድቃለች። እቴቴ ትሄዳለች። መሃል ላይ ቆማ የጫማዋን ክር ታስራለች። ውሃ ረሳሁ ብላ ትመለሳለች። ደርሳም ጎንበስ ብላ ያልታመመ ባት ታሻለች፤ ሙጫ ደግሞ ፊቷን በክንዷ ሸፍና ከሥር "እቴቴ፣ ዛሬ ራት ምንድን ነው?" ትላታለች። እቴቴ ሳቋን ለመደበቅ ከንፈሯን ትነክሳለች።

ኅሊናዋ ግን አልተኛላትም። ከአንድ ጨዋታ ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሌሎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ሲያንቀላፉ፣ ወደ ሙጫ ጠጋ አለች።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ውሸት ነው እኮ።"

"አንቺ ምን ዋሸሽ? አንቺን የሚያዘገይሽ ጉልበትሽ ነው። የምዋሸው እኔ፣ ኃጢአቱም የኔ።"

"ኃጢአት ዘንቢል ነው እንዴ፣ ያዢልኝ የሚባለው?"

"ታዲያ ምን ይሁን? እንውረድ?"

እቴቴ የተኙትን ልጆች ዞር ብላ አየች። የአጥሩ አፍ ተከፍቷል፣ እንደ ሕፃን። እንውረድ የማለት ወኔ አጣች።

"እሺ፣ ቢያንስ እኔ እውነቱን ልወቅ" አለች። "ደጋግመሽ እየወደቅሽ አንድ ቀን የምር ቢሆንስ በምን አውቃለሁ? እውነት ከሆነ ጓንትሽን አውልቀሽ ጣይው። ጓንቱ እጅሽ ላይ ካለ ጨዋታ ነው ብዬ ተረጋግቼ እመጣለሁ።"

"እሺ። እቴቴ ትሙ..."

"አትማይ! እሺ ካልሽ ይበቃል።"

ይሄ ነገር ደግሞ ሠራ። አንድ ቀን ሙጫ ኳስ ስትመልስ ጣቷ ወለቀ። ጓንቷን አውልቃ ስትወረውረው እቴቴ አየች፤ ያ ሪህ የት እንደገባ እንጃ፣ ቦርሳዋን ጥላ በባዶ እጇ ሮጠች። ደጋፊው "አያት ተፈወሰች! እልል በሉ!" እያለ ተንከተከተ። አሰልጣኙ በኋላ "ምነው እቴቴ፣ ታጋልጪናለሽ እኮ" ቢላት "እውነት ነበራ!" አለችው። ከዚያ ወዲያ ልቧ አረፈ። ምልክት አላቸው። የምር ከሆነ ታውቃለች።

እንዲህ እንዲህ እያሉ፣ እየወደቁ እየተነሱ፣ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ደረሱ። አቻ ከወጡ ይተርፋሉ፣ ከተሸነፉ ቡድኑ ይፈርሳል። ጠዋት እቴቴ አልጋዋ ሥር ተንበረከከች። "ጌታ ሆይ፣ አሸንፈን አልልህም፣ ስግብግብ አልሆንብህም። አቻ ብቻ ስጠን። ከዚህ ሌላ አልጠይቅህም።" ሙጫ ከበሩ ሆና ሰማቻትና "ምናለ አንድ ለዜሮ ብትይው፣ ምን ይጎዳዋል?" አለች። ልጅነቷ አይለቃትም።

ጨዋታው ባዶ ለባዶ ሆኖ ወደ ማለቂያው ደረሰ። ተጋጣሚዎቹ ሜዳቸውን ለቀው መጥተው ግቡ አፍ ላይ ሰፈሩ። ልጆቹ ምላሳቸው ወጥቷል፤ አጥሩ ጉልበቷን ይዛ ትንፋሽ ትለምናለች። የማዕዘን ምት ተሰጠባቸው። አሰልጣኙ ከመስመሩ ዳር ሆኖ እጁን ከፍ አደረገና ሰዓቱን መታ መታ አደረገ። ሙጫ አየችው፤ እሺ በሚል አንገቷን ነቀነቀች። እቴቴም አየች፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አዘጋጀች።

ኳሱ መጣ። ሙጫ ከፍ ብላ በቡጢ መታችው፤ ኳሱ ርቆ ሄደ፣ የሰዉም ዓይን ኳሱን ተከትሎ ሄደ። ከኋላ እየበረረች የመጣች አጥቂ ጉልበቷ የሙጫን ጆሮ ግንድ ሲመታ ያየ ሰው የለም። ዞር ሲሉ በረኛዋ በጀርባዋ ተዘርራለች፤ አንድ ክንዷ ፊቷ ላይ ወድቋል፤ እንደ ሁልጊዜው።

ዳኛዋ ፊሽካ ነፋች። "ዛሬም ጀመራችሁ?" አለችና ሰዓቷን አየች።

እቴቴ ከመቀመጫዋ ሆና መጀመሪያ ያየችው እጆቿን ነው። ጓንቱ አለ። ሁለቱም አሉ። ተመስገን አለች በሆዷ። ተነሳችና መንገዷን ጀመረች።

መሃል ላይ ቆማ የጫማዋን ክር አሰረች። አሰልጣኙ ከኋላ "ቀስ፣ እቴቴ፣ ቀስ" ይላል በጥርሱ መሃል። ውሃውን ረስታ ተመለሰች፤ የዛሬውን ደግሞ የምር ነበር የረሳችው። ደጋፊው ያፏጫል፣ ፕላስቲክ ይወረውራል። አንዷ ተጋጣሚ "ተነሺ አንቺ ተዋናይ!" እያለች ትጮሃለች። አጥሩ ጀርባዋን ለሙጫ ሰጥታ ውሃ እየጠጣች "ዛሬስ አሳመረችው" አለች።

ደረሰች። እያቃሰተች ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች፤ የሙጫን ባት ይዛ ታሽ ጀመር።

"ትንሽ ቆዪ ልጄ። እነዚያ ቀዝቅዘዋል።"

ዝም።

"ራት የትናንቱ ነው፣ አትነዝንዢኝ" አለች፣ ሳይጠይቋት ቀድማ።

አሁንም ዝም። እቴቴ እያሸች ቆየች። ይሄን ነው ኋላ ላይ ከሁሉም በላይ ማሰብ ያቃታት፤ እጆቿ ደህናውን ባት ሲያሹ የቆዩትን። ከዚያ ባቱ እጇ ላይ ከበዳት። ሥጋ ሲከብድ ወጌሻ ያውቃል። ክንዷን ከፊቷ ላይ ስታነሳ የልጅቷ ከንፈር ጠቁሯል፣ ዓይኗ ነጩ ብቻ ይታያል፣ ምላሷ ወደ ኋላ ተመልሶ ጉሮሮዋን ዘግቶታል።

እቴቴ ጮኸች። መንጋጋዋን ከፈተች፣ ምላሷን በጣቷ ሳበች፣ በአፏ ትንፋሿን ሰጠቻት። ትንፋሹ ተመለሰ። ሙጫ ግን አብራ አልተመለሰችም።

በቃሬዛ አወጧት። አምቡላንሱ ከሜዳው በር ሳይርቅ ከኋላ ጭብጨባና እልልታ ተሰማ። ባዶ ለባዶ አልቋል። እቴቴ የለመነችውን አገኘች።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አቆማትና "እናት፣ ምቱ ብቻውን ይሄን ያህል አያደርጋትም ነበር" አላት። "አየር አጥታ ቆይታለች። ከወደቀች በኋላ ሰው የደረሰላት ዘግይቶ ነው?"

"ቀስ ብዬ ነው የመጣሁት" አለች እቴቴ።

"ምን አሉኝ?"

"ጓንቷ ነበራ። አላወለቀችውም።"

ሐኪሙ ድንጋጤ ነው ብሎ ወንበር አቀረበላት። በምን እጇ ታወልቀው? ራሷን ስታ ለወደቀች ልጅ አውልቀሽ ጣይ የሚል ምልክት ምን ዓይነት ምልክት ነው? ይሄን ያህል ዓመት ሰው ያሸች ሴት፣ ልጅ ያሳደገች ሴት፣ እንዴት ይሄ አልታያትም? ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ይሄንኑ ስታወጣ ስታወርድ ነጋ።

አሰልጣኙ ሙጫ ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ መጣ። በር ላይ ቆሞ ለመግባት አመነታ። እጁ ላይ ሰዓት የለም፤ ሰዓቱ የነበረበት ቦታ ፀሐይ ሳይነካው ነጥቶ ይታያል። አልጋውን አየና ዓይኑን ሰበረ።

"ሰዓቴን የነካሁት እኔ ነኝ፣ እቴቴ።"

"የሄድኩት እኔ ነኝ" አለችው።

አሰልጣኙም "ቡድኑ አልፈረሰም። የቢሮ ሰዎቹ ለከርሞ ፈርመዋል" አላት። ይሄን ብሎ ራሱ አፈረ። እቴቴ አልተቆጣችውም፣ አላጽናናችውምም። የሙጫን ትራስ አስተካከለችና "ልጆቹን ሰላም በልልኝ። ይሄን ነገር አታስደርጋቸው" አለችው። አሰልጣኙ እያለቀሰ ወጣ።

ማታ ማታ ልጆቿ ተራ በተራ ይመጣሉ፣ ያግዟታል፣ ይሄዳሉ። እቴቴ እንደ ድሮዋ አልጋው ሥር ትንበረከካለች። ቃል ግን አይወጣትም። ከዚህ ሌላ አልጠይቅህም ብላዋለች። እግዚአብሔር እንደ ሰው ቃል ቆጥሮ እንደማይቀየም ታውቃለች፤ ለስንቱ ሐዘንተኛ ይሄንኑ ስትናገር ኖራለች። ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ለራስ ሲሆን ማመን ሌላ። አፏን ከፍታ ትዘጋለች፣ ተነስታም ሥራዋን ትቀጥላለች።

ሙጫ አትናገርም። ያጎረሷትን ትውጣለች፣ ዓይኗን ትከፍታለች፣ የት እንደምታይ ግን አይታወቅም። አንድ ነገር ብቻ ታደርጋለች። ግራ እጇ እየተንቀጠቀጠ ይሄድና የቀኝ እጇን አንጓ ይይዛል፤ ከዚያ ወደ ጣቶቿ ይጎትታል። ምንም ከሌለበት እጅ ላይ የሆነ ነገር ለማውለቅ እንደሚታገል ሰው። አይወልቅላትም፤ ታርፍና እንደገና ትጀምራለች። ሐኪሙ "ነርቭ ነው እናት፣ ትርጉም አይስጡት" ብሏታል።

እሱ ምን ያውቃል። እቴቴ ጓዳ ሆና የአልጋ ልብሱ ሲንኮሻኮሽ ትሰማለች። ድስት እሳት ላይ ይሁን፣ እጇ በሳሙና ይሞላ፣ ጉልበቷ ይታዘዝ አይታዘዝ፣ ሁሉንም ጥላ ትነሳለች።

"አየሁ ልጄ! አየሁ፣ መጣሁ!"

ከጓዳው እስከ አልጋው ምንም ያህል መንገድ የለም። እሷ ግን ትሮጣለች።