በሩ እንዳይዘጋ

ጎሚስታው የጎማ መፍቻ ብረቱን በበረዶውና በፍሪዘሩ ግድግዳ መካከል ሰክቶ በሁለት እጁ ተጫነው። በረዶው ጧ ብሎ ሲሰነጠቅ ቁራጩ ተፈናጥሮ አጠገቡ የቆመችውን የሟች ወንድሙን ሚስት አንገቷ ላይ መታት። እሷም የብረቱን ጫፍ ያዘች።

“ተው አልኩህ። በራሱ ይልቀቅ።”

“እስኪለቅ እዚሁ ልደርልሽ? እጅሽን አንሺ።”

“ከበረዶው ሥር ቱቦ አለ። ጋዙ የሚዞርበት።”

“ቀኑን ሙሉ ጎማ ከቸርኬ ሳላቅቅ የምውል ሰው ነኝ። የተጣበቀ ነገር እንዴት እንደሚላቀቅ አንቺ አትነግሪኝም።”

ብረቱን መነጨቃት። መዳፏ ላይ ቀይ ሰንበር ቀረ።

ልብስ ሰፊዋ የወንድሙ ሚስት ነገ እንዲመጣ ነበር የነገረችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሁለቱን ክፍሎች ኪራይ በአንድ የስፌት መኪና መቻል አቅቷታል። ጠዋት የስፌት መኪናውና አልጋው እህቷ ግቢ ውስጥ ወዳለች አንዲት ክፍል ሄደዋል። የቀሩት ፍሪጁና አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ናቸው። ሁለቱም ወደ ጎሚስታው ቤት እንዲሄዱ ዘመድ ተሰብስቦ ወስኗል፤ ለአማቷ የቀራቸው ልጅ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ የስኳር መድኃኒታቸው የሚቀመጠው ደግሞ ፍሪጁ ውስጥ ስለሆነ። ልብስ ሰፊዋ አልተከራከረችም። ልጅ እያለ ምራት ምን ብላ ትከራከራለች?

ሶኬቱን ነቅላ፣ ውስጡን ባዶ አድርጋ፣ የታችኛውን ክፍል በሳሙና ውሃ አጥባ አድርቃለች። ተዘግቶ የሚቆይ ፍሪጅ ይሻግታል ትላለች ሁልጊዜ፤ ስለዚህ የታችኛው በር እንዳይገጥም የታጠፈ ጨርቅ መሃሉ አስገብታለች። ጨርቁ የባሏ ካናቴራ ግማሽ ነው። ቤቱ በብጥስጣሽ ጨርቅ ተሞልቶ ሳለ ለምን እሱን እንዳነሳች ራሷን አልጠየቀችም። የቀረው የላይኛው ፍሪዘር ነበር። እዚያ ውስጥ የፈላ ውሃ በድስት አስቀምጣ በሩን ዘግታ ትጠብቅ ነበር። ባሏ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ በረዶው ሲበቃው ራሱ ዱብ ይላል። ጎሚስታው ግን እንደገባ ድስቱን አውጥቶ ወለሉ ላይ አኖረው፤ ሊጭንበት ያመጣው መኪና የሰው ነው፣ ይፈለጋል።

አማቷ በቀረችው አንዲት ወንበር ላይ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ፔርሙዝ አለ፤ ውስጡ ሁለቱ የመድኃኒት ብልቃጦች በፌስታል ተጠቅልለው ከበረዶ ጋር ተቀምጠዋል።

“ልጄ፣ እሷ የምትልህን ስማ እንጂ” አሉ። “ጎማ መሰለህ እንዴ? ይሄ ቢተነፍስ በፓምፕ አይሞላም።”

ጎሚስታው ዞሮ አያቸው። ማየት ብቻ ነው፤ እጁን አላነሳም፣ ቃልም አልተናገረ። የአማቷ ክንድ ግን ብድግ ብሎ ፊታቸውን ሸፈነ። ፔርሙዙ ከጭናቸው ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። የውስጡ መስታወት ሲደቅ ተሰማ።

ልብስ ሰፊዋ ፔርሙዙን አላየችም። ዓይኗ የአማቷ ክንድ ላይ ነበር። ከሐዘኑ በኋላ አማቷ እሱ ቤት ሰንብተው ሲመለሱ የእጅ አንጓቸው በሻሽ ታስሮ ነበር። በረንዳ ላይ ወደቅኩ ብለዋታል። እሷም በቅባት አሽታላቸው፣ በረንዳውን ስትረግም ሰነበተች።

“ምን ያስደነግጥሻል?” አለ ጎሚስታው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። “ሰው ፊት እንዲህ ታደርጊኛለሽ?”

“ምንም አላደረግኩህ” አሉ አማቷ ከክንዳቸው ሥር።

ወደ ፍሪጁ ዞረና ብረቱን እንደ ጦር ሰነዘረው። መዘዘው፣ ደግሞ ሰነዘረው። በረዶው እየተፈረካከሰ ደረቱን፣ ፊቱን ይመታዋል፤ እሱ አላቆመም። የፍሪዘሩ ግድግዳ ተቀደደ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላው ሸሚዙን ጎተተች። በክርኑ ደረቷን ሲደልቃት ትንፋሿ ተቋረጠ።

ከዚያ ፍሪጁ ማፏጨት ጀመረ። ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት ነው። ከተቀደደው ግድግዳ ነጭ እንፋሎት ወጣ።

“ምንድን ነው እሱ?”

“ጋዙ ነው” አለች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች።

“ዝጊው።”

“በምን ልዝጋው? ጎማ በምትለጥፍበት?”

በእጁ ጀርባ አጮላት። ጭንቅላቷ ከፍሪጁ ጠርዝ ጋር ተጋጨ፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ አፏ ውስጥ የደም ጣዕም መጣ።

“እጄን የያዝሽኝ አንቺ ነሽ። እየሠራሁ እጄን ይዘሽ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ።”

ሊደግማት እጁን ሲያነሳ አማቷ ተነስተው እጅጌውን ያዙ። ሳያያቸው በክንዱ ገፋቸው። ከወንበሩ ጋር አብረው ወደቁ፤ የወንበሩ እግር ተሰበረ።

ልብስ ሰፊዋ ድስቱን ከወለሉ አነሳች። ውሃው ገና ትኩስ ነበር። ብረት የያዘው እጁ ላይ ደፋችው፤ ብረቱ ሲወድቅ ባዶውን ድስት ግንባሩ ላይ አሳረፈችው። ከባድ ድስት ነው። ጎሚስታው ተንገዳግዶ ፍሪጁን ተደገፈ፤ ነጩ በር ላይ ደም ተንጠባጠበ። ሁለተኛ ልታሳርፍበት ከፍ አድርጋው ሳለ ደጅ መኪናው ጋ ይጠብቅ የነበረው ሹፌር ገባ።

“በሕግ አምላክ” አለ ሹፌሩ። “እኔ ፍሪጅ ልጭን ነው የመጣሁት። ሬሳ አልጭንም።”

ድስቱን ከእጇ ቀስ አድርጎ ተቀበላት። የጎማ መፍቻውንም በእግሩ ወደ ደጅ ገፋው። ፉጨቱ እየሳሳ ሄዶ ቆመ።

ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ አማቷን ከወለሉ አነሳቻቸውና ግድግዳውን አስደግፋ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ፔርሙዙን ገለበጠች። መስታወትና በረዶ አንድ ላይ ፈሰሰ። አንዱ ብልቃጥ ተሰብሯል። ሌላው ደህና ነው።

“ጫነው” አለ ጎሚስታው ለሹፌሩ፣ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ። “ጋዝ ይሞላል፣ ይበየዳል። እሷንም አስገባት።” በአገጩ ወደ እናቱ ጠቆመ።

ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ከፊታቸው ቆመች።

“ፍሪጁን ውሰድ።”

“እናቴን ነው ያልኩሽ።”

“ሰማሁህ። ፍሪጁን ውሰድ።”

“ዘመድ የወሰነውን አንቺ ልትሽሪው ነው?”

“ዘመድ ይምጣና እጃቸውን ይይ።”

ጎሚስታው ሳቀ። ሹፌሩ ግን አልሳቀም።

“በረንዳ ላይ አልወደቅኩም” አሉ አማቷ። ማንም አልጠየቃቸውም። ይህን ካሉ በኋላ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

ጎሚስታው ሹፌሩን አየ፤ ሹፌሩ ፍሪጁ የሚታሰርበትን ገመድ ይፈታታ ጀመር።

“የት ልታስተኚያት ነው?” አለ ጎሚስታው። “አንድ አልጋ ነው ያለሽ።”

“አንድ አልጋ ላይ።”

“መድኃኒቷስ? ያለ ፍሪጅ በሁለት ቀን ትገያታለሽ።”

ልብስ ሰፊዋ የተረፈውን ብልቃጥ ከበረዶው አነሳች። ይህን እሷም እያሰበችው ነበር፤ የፈራችውም እሱን ነው።

“ፍሪጅ ከመግዛታችን በፊትስ?” አሉ አማቷ ከታች። “ወንድምህ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ያስቀምጥልኝ አልነበር? ያን ጊዜ ሞቼ ነበር?”

“ነገ እየደወላችሁ እንዳትለምኑኝ።”

“ጌታዬ” አለ ሹፌሩ፣ “በዚያ በኩል ያዝልኝ። መኪናው የሰው ነው ስትል ነበር።”

ሁለቱ ፍሪጁን አቅፈው ብድግ አደረጉት። ጎሚስታው የተቃጠለ እጁ ሲነካ አቃሰተ። በበረዶውና በስባሪው ላይ እየረገጡ በሩ ጋ ሲደርሱ ልብስ ሰፊዋ “ቆዩ” አለች።

ቆሙ። ጎሚስታው ከፍሪጁ ጀርባ አንገቱን አውጥቶ አያት። ይቅርታ የምትጠይቅ መስሎት እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል።

እጇን ዘርግታ በፍሪጁ በር መሃል የገባውን ጨርቅ ሳበችው። ጠበቅ ብሎ ነበር፤ ደግማ ሳበችው። ጨርቁ ሲወጣ በሩ ገጠመ።

“ተዘግቶ ይሻግታል ስትይ አልነበር?” አለ ጎሚስታው።

“ስል ነበር” አለች።

ተሸክመውት ወጡ። እሷ ከፍሪጁ ሥር የቀለጠው ውሃ ይጠራቀምበት የነበረው ሳፋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የካናቴራውን ግማሽ ነከረችው፣ ጨመቀችው፣ ዘረጋችው፤ ስባሪ እንዳይኖርበት በጣቷ ደባበሰችው። የተረፈውን ብልቃጥ መሃሉ ላይ አስቀምጣ ጠቀለለችና ለአማቷ ሰጠቻቸው። አማቷ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።